ሦስተኛውን ጥሪ ስጠብቅ

የጀግና ታሪክ የምትፈልጉ ከሆነ ይህን እዚሁ ተዉትና ሌላ ፈልጉ። እኔ ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ፈርቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጅብ እፈራለሁ፤ መብረቅ እፈራለሁ፤ ልብስ ሰፊ ሆኜ እንኳ የሐኪም መርፌ ሳይ ላብ ያጠምቀኛል። «ፈሪ ለእናቱ» ይባል የለ? እናቴ በእኔ ያላተረፈችው ትርፍ አልነበረም። ነገር ግን ከፍርሃቶቼ አንዱ፣ ባለፈው ጳጉሜን እንጦጦ ጫካ ውስጥ የያዘኝ፣ የልጅ ልጄን ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረውም ነበር። የምነግራችሁ የዚያን ቀን ነው።

ስሜ ዘለቀ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁባት አንዲት የስፌት ክፍል አለችኝ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቃተኝ ወዲህ የሰፈሩን ሱሪ ላስቲክ ብቻ ነው የምቀይረው። ሜትሬ ግን ዛሬም ከአንገቴ አይወርድም። ሚስቴ «ስትሞት ሳጥኑን ራስህ ትለካዋለህ» ትለኛለች።

እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ ልጅ ሳለሁ አንድ ሕግ አስተምራኝ ነበር። «ጫካ ውስጥ ስምህ ሲጠራ ሦስት ሳይሞላ አቤት እንዳትል። ሰው ሲጠራ ሦስቴ ይጠራል። ያኛው ግን ሁለቴ ጠርቶ ይጠብቃል።» «ያኛው» ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ መልሱን ፈርቼ።

እኔ ታዲያ ሕጉን ከጫካ አውጥቼ የኑሮዬ ሥርዓት አደረግሁት። ደንበኛ ከደጅ ሲጣራ ሦስት እስኪሞላ ዝም። ሚስቴ ለምሳ ስትጠራኝ ዝም፤ እሷ እንኳ ከሁለተኛው በኋላ ወጡን ለድመቷ ስለምትሰጥ ትንሽ ተሻሽያለሁ። ካራ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ደግሞ የአባታችንን የስፌት መኪና ሳያማክረኝ ለሰው ሰጥቶብኝ አራት ዓመት ተኳርፈን ነበር። በዚያ ሰሞን «ዓመቱ ሳይለወጥ ይምጣና እንታረቅ» ብሎ ሰው ላከብኝ። «አንዴ ተጠርቶ የሚሮጥ ውሻ ነው፤ ሦስቴ ይላክብኝ» ብዬ መልእክተኛውን መለስኩት። ያን ዕለት በራሴ ምን ያህል ኮርቼ እንደነበር አትጠይቁኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የሴት ልጄ ልጅ እሌኒ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምትማር፣ ምላሷም እግሯም ፈጣን የሆነች ልጅ ናት። እንጦጦ አናት ላይ ያለውን የከዋክብት መመልከቻ ላሳይዎት ብላ ነው። ከመውጣታችን በፊት «ለመሆኑ የምታጠኚው ምንድን ነው?» አልኳት።

«የስበት ሞገድ። ያንን ሰፊውን ላስቲክ ያቀብሉኝ እስቲ፤ ጠመኔውንም።»

የወገብ ላስቲኬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በልብስ መቁረጫ ጠመኔዬ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል መስመር ሳለችበት።

«ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች አሉ እንበል። አንዱ ሌላውን ሲዞር ሲዞር ቆይተው ይጋጫሉ። ያኔ ህዋው ራሱ ይርገበገባል፤ ኩሬ ላይ ድንጋይ ሲወድቅ እንደሚሆነው። ያ መርገብገብ በብርሃን ፍጥነት ይጓዛል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ብዙ ሚሊዮን፣ አንዳንዴም ቢሊዮን ዓመት አልፎታል።»

«መንገድ ላይ ምን አስቀመጠው?»

«አልተቀመጠም አባባ፤ ሀገሩ ሩቅ ነው። ደግሞም እሱ እየመጣ ሳለ መንገዱ ራሱ ይለጠጣል። ይያዙልኝ።»

አንዱን ጫፍ ያዝኩ፤ ሌላውን ይዛ ወደ በሩ ሄደች።

«መስመሩ ምን ሆነ?»

«ረዘመ።»

«ጠመኔውስ?»

«ሳሳ።»

«በቃ ተማሩ! ህዋው ሲሰፋ ሞገዱም አብሮ ይለጠጣል። ርቀቱ በራሱ ያሳሳዋል፤ መለጠጡ ደግሞ ይጨምርበታል። ሲነሳ ምን ያህል ብርቱ እንደነበር ከአካሄዱ እናውቃለን፤ እኛ ጋ ሲደርስ ምን ያህል እንደሳሳ እንለካለን። ከሁለቱ ተነስተን ምን ያህል ርቀት እንደመጣ እናሰላለን።»

«በየት በኩል እንደመጣስ?»

«እሱ በአንድ ጆሮ አይታወቅም። ተራርቀው የተተከሉ ሁለት ሦስት መስሚያዎች ያስፈልጋሉ።»

«እሺ፣ መጣ። ከዚያስ?»

«ያልፋል። በተራራውም፣ በግድግዳውም፣ በእርስዎም ውስጥ።»

ሆዴን ያዝኩ። «በእኔ ውስጥ? አሁን?»

«ምንም አያደርግዎትም! ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ አልፎ ይሄዳል።»

«መቼ ይመለሳል?»

«አይመለስም። አንዴ ነው። ያን ጊዜ የሚሰማ ከሌለ አለቀ።»

«ባለጌ!» አልኩ። «ያን ሁሉ ሀገር አቋርጦ መጥቶ አንዴ ብቻ? ወግ ያለው ጥሪ ሦስቴ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ መስሚያው ላይ ቢቀመጡ ዝም ሊሉት ነዋ።»

«ሦስት እስኪሞላ!» አልኩና ጠመኔውን ኮት ኪሴ ከተትኩ። ይህችን ጠመኔ አደራ አትርሷት፤ እኔ ረስቻት ነው ጉድ የሆንኩት።

በታክሲ ወጣን። መመልከቻውን አየሁ፤ ሰማዩ በደመና ስለተሸፈነ ያየሁት የመሣሪያውን ክዳን ነው፤ ቢሆንም አደነቅሁ። ስምንት ሰዓት ገደማ ስንመለስ እሌኒ ታክሲ ልትጠራ ስልኳን አወጣች።

«ለቁልቁለት ታክሲ? በጫካው አቋራጭ አለ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፈረንሳይ እንገባለን።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ጓሮዬ እኮ ነው!»

በዚያ አቋራጭ ለመጨረሻ ጊዜ የወረድኩት እናቷ ሳትወለድ እንደነበር አልነገርኳትም። አልጠየቀችኝማ!

ግማሽ ሰዓት ያህል ደህና ወረድን። ከዚያ መንገዱ ቀጠነ፤ ቀጥሎ የፍየል መንገድ ሆነ፤ ቀጥሎ ፍየልም የምትተወው ሆነ። ካፊያ ጀመረ። የወደቀው የባሕር ዛፍ ቅጠል በጭቃው ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከኋላዬ «ዋይ!» የሚል ድምፅ ሰማሁና ዞር ስል እሌኒ በጎኔ እየተንከባለለች አለፈች። አንድ ግንድ ያዛት እንጂ ከታች ገደል ነበር።

ቁርጭምጭሚቷ ዓይኔ እያየ አበጠ። ልትቆም ስትሞክር እግሯ አልሸከማት አለ። ስልኳ ድንጋይ ላይ ተከስክሷል። የእኔ ስልክ? ቤት፣ ቻርጅ ላይ። ስንወጣ «ይሙላለት» ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሞልቶለታል።

«አባባ፣ አይደንግጡ» አለችኝ፤ ከንፈሯ እየነጣ። «ሰው ፈልገው ይምጡ። ብዙ አይራቁ፤ እስከ ሦስት መቶ እርምጃ ቆጥረው ካጡ ይመለሱ።»

ኮቴን አልብሻት ከዘራዬን ይዤ ሄድኩ። በነገራችን ላይ ኮቱን ስሰጣት ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ሱሪዬ ገልብጫለሁ፤ ጠመኔዋንም ጭምር። በየግንዱ ላይ አንድ አንድ ጭረት ባደርግ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። አርባ ምናምን ዓመት በጠመኔ ምልክት ሳደርግ የኖርኩ ሰው፣ ምልክት የሚያስፈልግበት አንድ ቀን ሲመጣ ረሳሁ!

መቶ ሰማንያ ላይ ስደርስ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። ጅብ መሰለኝና ቆጠራው ጠፋኝ። ጅብ አልነበረም፤ የራሴ ሜትር ነፋስ ይዞት ሸሚዜን ሲጠበጥብ ነው። ግን አንዴ የፈራ ልብ መቁጠር አይችልም። መቶ ሰማንያ ነበርኩ ወይስ ሁለት መቶ ሰማንያ? ልመለስ ብዬ ስዞር ጉሙ መጣ።

የእንጦጦን ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሲመጣ አይታይም፤ ዛፎቹ ናቸው አንድ በአንድ የሚሄዱት። መጀመሪያ ሩቆቹ፣ ቀጥሎ ቅርቦቹ፣ በመጨረሻ ከዘራዬና እኔ ብቻ ቀረን። የመጣሁበት ቁልቁል ይሁን ሽቅብ ጠፋኝ።

«እሌኒ!»

ድምፄ ጥጥ ውስጥ እንደተጠቀለለ ታፈነ። መልስ የለም። ሰዓቴን ሳይ አሥር አልፏል። አሥራ ሁለት ሲል ይጨልማል። ሲጨልም ደግሞ ከዚህ ጫካ ወደ ሰፈር የሚወርዱት እነማን እንደሆኑ እያንዳንዱ የፈረንሳይ ልጅ ያውቃል፤ ድምፃቸውን አልጋችን ውስጥ ሆነን እየሰማን ነው ያደግነው። እግሯ የተሰበረ ልጅ ደግሞ አትሮጥም። ወደ ግራ ሄድኩ፤ ገደል የሚመስል ጥቁር ነገር። ወደ ቀኝ ሄድኩ፤ እሾህ። ቀድሞ ጅቡን የምፈራው ለራሴ ነበር። ለሌላ ሰው ሲፈራ ፍርሃት ከሆድ ተነስቶ ጉሮሮ ላይ እንደሚቀመጥ ያወቅሁት ያኔ ነው።

በዚህ መሃል ከጉሙ ውስጥ፣

«አቶ ዘለቀ!»

የሴት ድምፅ ነው፤ የእሌኒ ግን አይደለም። እዚህ ጫካ ውስጥ ማን ያውቀኛል? ማን ስሜን ነገራት? የእናቴ ቃል ከስድሳ ዓመት በኋላ ትናንት እንደተነገረኝ ሆኖ ጆሮዬ ላይ ደወለ። ሦስት ሳይሞላ አቤት እንዳትል። አንድ ባሕር ዛፍ ኋላ ተደበቅሁ። ዛፉ ከእኔ የቀጠነ ስለነበር ግማሼ በግራ፣ ግማሼ በቀኝ ቀርቷል። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆጠርኩ፤ አንድ።

ድምፁ ከመጣበት በጀርባዬ ሸሸት፣ ሸሸት እያልኩ ሌላ ዛፍ ጋ ደረስኩ።

«አቶ ዘለቀ...»

ሁለት። ይሄኛው ሳስቷል። በአፌ ላይ እጄን ጫንኩ። ሰው ከሆነች ሦስተኛው ይመጣል። ጠበቅሁ። ጠብታ ከቅጠል ሲወርድ እሰማለሁ። ጠበቅሁ። ልቤ እንደ ስፌት መኪና ይመታል። ሦስተኛው አልመጣም።

«ተመስገን፤ ያኛው ነበር!» አልኩ። እመኑኝ፣ ከጋኔን በማምለጤ ለጥቂት ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ግን አንድ ሐሳብ ቀስ ብሎ መጣብኝ። ጋኔን «አቶ» ይላል እንዴ? ይህን ያህል ክብር አዋቂ ጋኔን ከየት ተገኘ? ስሜን እዚህ ተራራ ላይ የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሌኒ። ስለዚህ የጠራችኝ ሴት እሌኒን አግኝታታለች። አግኝታት፣ ስሜን ጠይቃት፣ ልትፈልገኝ ወጥታ ነበር።

ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። የጠዋቱ ላስቲክ ዓይኔ ላይ መጣ። ሁለተኛው ጥሪ የሳሳው ሴትዮዋ እየራቀች፣ እኔም እየሸሸሁ፣ በመካከላችን ያለው ቦታ ከሁለቱም ጫፍ ስለተለጠጠ ነው። አንደኛውን ጫፍ የጎተትኩት እኔ ነኝ። «አንዴ ነው። ያን ጊዜ የሚሰማ ከሌለ አለቀ» አላለችኝም? የሚሰማ ነበረ እኮ! ጆሮ ያለው፣ የሰማ፣ ሰምቶም ዛፍ ኋላ የቆመ። ምናልባት ሴትዮዋ ተስፋ ቆርጣ ሄዳ ይሆናል። ምናልባት የጠራችኝ እሌኒ ስለባሰባት ይሆናል። በዚያች ሰዓት የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም፤ ይህን የሚለው ደግሞ ብዙ የፈራ ሰው ነው።

ተነሳሁና ማንም ሳይጠራኝ ጮህኩ።

«አቤት!»

ዝም።

«አቤት! እዚህ ነኝ! አቤት!»

ከቦታዬ ሳልነቃነቅ፣ ጥቂት እያረፍኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ «አቤት» አልኩ። በሰባ አራት ዓመት የነፈግሁትን አቤት ሁሉ በአንድ ከሰዓት ከፈልኩት። ሰዓቴ ወደ አሥራ አንድ ተኩል ሲጠጋ ድምፄ ወደ ፉጨት ተለወጠ። ጉሙ መጥቆር ጀመረ።

ያኔ በቀኜ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ነጭ ነው፤ ጭንቅላቱ ሹል ነው፤ ፊት የለውም። በግራዬ ስዞር ሌላ ነጭ፣ ሌላ ሹል ጭንቅላት፣ ወደ እኔ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ! ከዘራዬን አነሳሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ልሸሽ እችል ነበር፤ እግሬ መሸሹን ያውቅበታል። ግን «አቤት» ብዬ ጠርቼ አሁን ብሸሽ እሌኒን ማን ያገኛታል? በተሰበረ ድምፄ የመጨረሻዋን አወጣሁ።

«አ...ቤት።»

«ኧረ ሰምተናል አባባ!» አለ የቀኙ ነጭ። «ከዘራውን ያውርዱት፤ ዓይኔን ሊያጠፉት ነው!»

ሁለት እንጨት ለቃሚ ሴቶች ናቸው። ለዝናቡ የማዳበሪያ ከረጢት አንዱን ጥግ ወደ ሌላው አስገብተው እንደ ቆብ ደፍተውታል። እንደ ሕፃን ዓይኔ እንባ ሞላ።

«ልጄስ?»

«ደህና ናት፤ ጓደኛችን አብራት አለች። ለእግሯ ሳይሆን ለእርስዎ ነው የምታለቅሰው» አለች ዓለሚቱ የምትባለው፣ ጠና ያለችው። «ቆይ፣ ቅድም ስጠራዎት የት ነበሩ? በዚሁ በኩል ነበር እኮ የመጣሁት!»

«ሩቅ... ነበርኩ» አልኩ። ውሸት ነው። ከእሷ እስከ እኔ ሁለት ጣቃ ጨርቅ ቢዘረጋ ይደርስ ነበር።

እሌኒ ጋ ስንደርስ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ እንዴት እንዳገኙኝ ነገሩኝ። «አቤት» ስል ሰምተውኛል፤ ግን በጉሙ ውስጥ አንዷ ከታች ነው ስትል ሌላዋ ከላይ ነው እያለች ሊጣሉ ደርሰው ነበር። እሌኒ ዓለሚቱን ወደዚያ፣ ሌላዋን ወደዚህ፣ አራርቃ አቆመቻቸው። «እያንዳንዳችሁ በሰማችሁበት በኩል ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። የሌላዋን ወሬ አትስሙ። ሁለታችሁ የምትገናኙበት ቦታ ላይ አባባ አሉ።»

«እኔስ ጥንቆላ መስሎኝ ነበር» አለች ዓለሚቱ።

የዚያን ቀን ሸክማቸውን ጫካ ውስጥ ጥለው እሌኒን በየተራ እያዘሉ አወረዱልን። እኔ ከኋላ ሜትሬን እያንጠለጠልኩ ተከተልኩ፤ ቀና ብዬ ላያቸው አፈርኩ።

ማታውን እግሯ ጄሶ ከታሰረላት በኋላ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ተናዘዝኩ።

«እሌኒ፣ ሴትዮዋ ስትጠራኝ ሰምቻት ነበር።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት።»

ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ትራሱን ፊቷ ላይ ከድና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን በእርግጥም አለቀሰች።

እናንተዬ፣ እናታችሁ ያስተማረቻችሁን ሁሉ ጣሉ እያልኳችሁ አይደለም። የእኔ እናት ይህን ያለችኝ ስለምትወደኝ ነው። ግን እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ሦስተኛውን ስትጠብቁ ያመለጣችሁ ስንት የመጀመሪያ ጥሪ አለ? የጠራችሁ ሰው ሩቅ ሀገር አቋርጦ፣ ድምፁ ሳስቶ፣ እናንተ ጋ ሲደርስ ለአንዲት ጊዜ ብቻ የሚበቃ ትንፋሽ ቀርቶት ይሆናል። ደግሞ እናንተም በሌላው ጫፍ ላስቲኩን እየጎተታችሁ ይሆናል። እኔ ዛሬም ፈሪ ነኝ፤ አልዋሻችሁም። አሁን ግን ጋኔኑ ቢሆንስ ከሚለው ይልቅ ሰው ቢሆንስ የሚለው ያስፈራኛል።

በማግስቱ፣ ዓመቱ ሳይለወጥ፣ በመገናኛ በኩል ካራ ሄድኩ። የታደሰ የቆርቆሮ በር ዝግ ነበር። ከዘራዬን ተደግፌ ጉሮሮዬ የፈቀደልኝን ያህል ተጣራሁ።

«ታደሰ!»

ዝም።

«ታደሰ!»

ዝም። ጓሮው ውስጥ ዶሮ እንኳ የለም። የተራራው ብርድ ጀርባዬ ላይ ተመለሰ። ያ የላከብኝ መልእክት የመጨረሻው ቢሆንስ? ታሞ ቢሆንስ የላከብኝ?

«ታደሰ! ወንድሜ!»

«አቤት!»

ከበሩ ማዶ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ ቆሞ ነበር ለካ።

«አንተ! እዚሁ ሆነህ ነው ዝም የምትለኝ?»

«የእናታችን ልጅ አንተ ብቻ ነህ እንዴ?» አለ መቀርቀሪያውን እየታገለ። «ሁለተኛው ላይ ግን ጋሼ፣ በጣም ፈራሁ። ሦስተኛውን ሳትጠራ የምትመለስ መስሎኝ።»